ባለ ሁለት አንገቷ አበባ

ባሌን ሶናኡላህን በረዶ አንሸራቶት የመስጊዱ ደረጃ ላይ ጭንቅላቱን የመታው በጥር ነው። ለአፍታ ራሱን ስቶ ተነሳና ረጅም የሱፍ ካባውን፣ ፌረኑን፣ አራግፎ፣ "ደረጃው ተርፏል?" ብሎ ሰዉን አሳቀ። ስሪናጋር ከተማ ያለው ሐኪምም የጭንቅላቱን ራጅ አይቶ፣ "ቀላል ምት ነው፤ አንጎሉ ምንም አልሆነም" አለን። እኔ ሞኟ ተመስገን ብዬ ቢጫ ሩዝ አብስዬ ለሰፈሩ ሁሉ አደልኩ።

ሰኔ ገባ፤ ሰውየው ግን አልዳነም። ብርሃን ያመዋል፣ ኳኳታ ያመዋል፣ የሰው ስም ይጠፋበታል። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው የማላውቀው ሰው፣ ሻዩ ጨው አነሰው ብሎ ኩባያ ወረወረ፤ ቆይቶ ደግሞ ስብርባሪውን እየለቀመ አለቀሰ። እጁ ቢሰበር ሰው ያዝንለት ነበር። ይሄን ምኑን አውጥቶ ያሳይ? "ሥራ ጠልቶ ነው" አሉት። እኔም አንድ ቀን ፊቱ ላይ ብዬዋለሁ። ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው!

ሥራው መጥራት ነው። ምንጣፍ ስንሠራ የንድፉን ወረቀት፣ ታሊሙን፣ የሚያነበው አንድ ሰው ነው። "ሁለት ቀይ፣ አምስት ሰማያዊ" ይላል፤ እኛ እንቋጥርና "ተቋጠረ!" እንላለን። ጠሪ አይጠየቅም። ሶናኡላህ ሃያ ሁለት ዓመት ሲጠራ አንዲት ቋጠሮ ስቶ አያውቅም፤ ሌላ የሚኮራበት ነገርም የለውም።

አንድ ጠዋት፣ ትናንት የጨረስናቸውን መስመሮች እንደ አዲስ መጥራት ጀመረ። ጣቴ አወቀው። ቀና ብዬ ሳየው፣ ግንባሩን በአንድ እጁ ደግፎ፣ ዓይኑን አጥብቦ ያነባል። አጠገቤ የሚቋጥረው ላሳ ወሬውን ይጠርቃል እንጂ ምንም አልጠረጠረም። ብናገር ሰው ፊት ማዋረድ ሆነብኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩና ቋጠርኩ። አሥራ አንድ መስመር፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ "ተቋጠረ!" አልኩ።

በሦስተኛው ቀን የሥራው ባለቤት ኻዚር፣ በአክብሮት ካክ የምንለው፣ መጥቶ ምንጣፉ ፊት ቆመ።

"ይቺ አበባ ሁለት አንገት አበቀለች እንዴ?"

"አንዱ ለሐብሏ ይሆናል፣ ካክ" አለ ላሳ። ማንም አልሳቀም።

ሶናኡላህ ወረቀቱን አየ፣ አበባዋን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ሐጅራ፣ አበባዋ ያለችው አንቺ ጋ ነው። አውቀሽ ነበር?"

መዋሸት አቃተኝ። "አውቄያለሁ።"

"ከየትኛው መስመር ጀምሮ?"

"ከመጀመሪያው።"

ኩባያ የወረወረው ሰው ይጮኽብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸም፤ ይሄ ነው የባሰብኝ። ወረቀቱን አጥፎ ጉልበቴ ላይ አኖረና፣ "ለካ እንደ ሕፃን እያባበልሽኝ ነው" አለ።

ካክ ኻዚር ክፉ ሰው አይደለም። ጉሮሮውን ጠረገ፣ መሬት መሬቱን አየ። "ማንበቡን እኮ ያስተማርካት አንተው ነህ፣ ወንድሜ። ለጊዜው እሷ ትጥራ" አለ። ለጊዜው የምትለዋ ቃል ምን ማለት እንደሆነች ሁላችንም ገብቶናል።

ሌሎቹ ለቀትር ሶላት ሲወጡ ሁለታችን ቀረን። አሥራ አንዱን መስመር በምላጭ እየቆረጥን መፍታት ጀመርን። የሱፍ ብናኙ ጉልበቱ ላይ ይከመራል። እሱ በየመሃሉ ዓይኑን ጨፍኖ ያርፋል፣ ከዚያ ይቀጥላል።

"ያ የድሮው ሰውዬ" አለኝ፣ እጁን ሳያቆም፣ "አይመለስም፣ አይደል?"

አምስት ወር ሙሉ ይህን በጠየቀኝ ቁጥር፣ "ኢንሻአላህ ይመለሳል" እያልኩ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ሌላ ውሸት አልወጣ አለኝ።

"አይመለስም መሰለኝ" አልኩና ለቅሶዬ መጣ።

እሱ አላለቀሰም። ምላጩን አስቀመጠና ብናኙን ከጉልበቱ አራገፈ።

"እንግዲያው እሱን መጠበቁን ተይው፣ ሐጅራ። አንቺ በር በሩን ስታዪ፣ እኔ ይኸው እዚህ ከተቀመጥኩ አምስት ወር ሆነኝ።"