የአርባ ስድስት ሰው አቤቱታ

«ዓረፍተ ነገሩ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የገባለት ሰው፣ ስሙ ከግርጌ ይጻፍለታል አሉ።»

ጋሽ ወልደተንሣኤ ይህን ወሬ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ይናገሩታል፤ ከምሳ በኋላ ይደግሙታል፤ አመሻሹ ላይ ወንበራቸውን ሲያጥፉ ደግሞ ገና አሁን እንደሰሙት ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩታል። ማን አለ ሲባሉ፣ «አሉ ነዋ!» ነው መልሳቸው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ሠላሳ ዓመት የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ናቸውና ማስረጃ ማምጣት የባለጉዳዩ ፋንታ ነው ብለው ያምናሉ።

አጠገባቸው ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ያንኑ ሥራ የምትሠራው ሰርካለም በወሬው ትስቃለች። «ጋሽዬ፣ ሕገ መንግሥት የሠርግ መጥሪያ መሰለዎት እንዴ ስም የሚደረደርበት?» ትላቸዋለች። ትበል እንጂ፣ ቤቷ ገብታ ስሟን በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞክራዋለች። «ሰርካለም ሰይፈሥላሴ» ብቻውን ራቁቱን ቆመባት፤ «ከመዘዞ» ብላ የትውልድ መንደሯን ስትጨምርበት ግን ግርማ ሞገስ አገኘ።

ሰርካለም ትምህርቷን አሥረኛ ክፍል ላይ ጥላ፣ ሕጉን ባለሱቁ ስኳር ሊጠቀልልባቸው ካስቀመጣቸው አሮጌ ነጋሪት ጋዜጦች ለቅማ የተማረች ልጅ ናት። ዲግሪ ያለው ሰው ፊቷ ሲቆም፣ ፊደል እስኪሳሳት በትዕግሥት ትጠብቃለች። ከተሳሳተላት ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ትውላለች።

ያን ሰሞን አዲስ ሕገ መንግሥት እየተረቀቀ ነበርና፣ ማንም ዜጋ ሐሳቡን በኢንተርኔት እንዲያዋጣ ገጽ ተከፍቶ ነበር። ስም፣ አድራሻ፣ ኢሜይል፣ ከዚያ ሐሳብ። አጥሩ ሥር ከሚመጣው ባለጉዳይ ደግሞ ኢሜይል ያለው አንድም የለም። ሰርካለም ለዚሁ ጉዳይ ብላ የከፈተችውን የራሷን ለሁሉም አዋሰች። ሀገር በእሷ በኩል ማለፉ አልከፋትም።

በሦስተኛው ቀን እትዬ ረሒማ መጡ። ከአልዩ አምባ እርድና በርበሬ እያመጡ የሚሸጡ፣ ለአንዲት የገበያ መደብ ፈቃድ ስድስት ወር ሙሉ ቢሮ ለቢሮ የተመላለሱ ሴት ናቸው።

«የእኔ አጭር ነው፤ ጻፊው» አሉ። «ነገ ነይ የሚለኝ ሹም፣ ለምን ነገ እንደሆነ ጽፎ ይስጠኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም። ያን ወረቀት ከያዝኩ የቀረውን እኔው እጨርሰዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። ብቻ ይግባልኝ።»

የሰርካለም ጣቶች አየር ላይ ቀሩ። ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነበር። ክፋቱ፣ የእሷ አለመሆኑ ነው። እሷ ገጹ ሳይከፈት ጀምራ ሦስት ሳምንት ያማጠችው አንቀጽ አጠገቡ ሲቆም የሰከረ ሰው ይመስላል። ቅናቷን ሙያ ብላ ጠራችውና ማስተካከል ጀመረች። ሲያልቅ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦

«እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው አመልካች፣ አቤቱታዬን በታላቅ ትሕትና ሳቀርብ፣ የተከበረው አካል ጉዳዬን በጥሞና እንደሚመለከትልኝ ባለኝ ጽኑ እምነት ሲሆን፣ ይኸውም ማንኛውም የመንግሥት ኃላፊ ተገልጋይን በሚያመላልስበት ወቅት፣ የመመላለሱን መንሥኤ በጽሑፍ አስደግፎ የማሳወቅ ግዴታ የሚጣልበት ይሆን ዘንድ...»

እትዬ ረሒማ በትዕግሥት ሰምተው ጨረሱ። «ይሄ እኔ ያልኩት ነው?»

«የእርስዎው ነው። ልብስ አለበስኩት እንጂ።»

«ካፖርት ነው የደረብሽበት። እኔ ቆለኛ ነኝ ልጄ፤ ያፍነኛል።»

«እትዬ፣ ሕገ መንግሥት ፊት እንዲሁ ተቀርቦ!»

«ወላሂ፣ አላህ ፊት እንኳ የምቆመው በዚችው ሻሼ ነው።»

ጋሽ ወልደተንሣኤ ከጎን ሆነው ሳቁ። ሰርካለም አልሳቀችም። «ካልገባ ሰርካለም ብለው አይጥሩኝ» አለችና ላከችው።

ገጹ እስኪዘጋ አርባ ስድስት ሰው አስተናገደች። የባጃጅ ሾፌሩ፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ፣ ጡረተኛው መምህር፣ መነኩሴው፣ ሁሉም በዚያው «እኔ ስሜና አድራሻዬ» በር ገቡ። መግቢያውን ኮፒ አድርጋ መለጠፍ ነው። መዝገብ ቤት ያለ መግቢያ የመጣ ወረቀት ካልተቀበለ፣ ሀገርማ እንዴት ይቀበላል? አርባ ስድስተኛው የራሷ አንቀጽ ነበር፤ እሱም በትሕትና ገባ፤ ትሕትናው የተለጠፈ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።

በወሩ ተቀባይነት ያገኙት ሐሳቦች ዝርዝር ወጣ። እትዬ ረሒማ ለገበያ መጥተው ነበርና አጠገቧ ቆመው ጠበቁ። ሰርካለም ወደ ታች ወረደች፤ ወደ ላይ ወጣች። ከላከቻቸው መካከል ያገኘችው አንድ ብቻ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን የላከችው የጋሽ ወልደተንሣኤ። ለማመልከቻ ጸሐፊዎች የቆርቆሮ ጥላ ይሠራልን ይላል።

ገጹ ላይ ወዳለው ስልክ ደወለች። ሰለሞን ነኝ ያለ ትሑት ወጣት አነሣ።

«ከአንድ ኢሜይል የመጡ፣ መግቢያቸውም አንድ ዓይነት ነው» አለ። «እንደ አንድ ሰው ተቆጥረው የመጀመሪያው ተወሰደ።»

«አንድ ሰው? ሦስቱ ባል የሞተባቸው፣ ሁለቱ ሾፌር፣ አንዱ መነኩሴ ናቸው እኮ!»

«እኛም ገርሞን ነበር። እንዲያውም ቢሯችን ውስጥ፣ እኚህ ሰው መከራቸው በዛ ብለን አዝነንልዎት ነበር።»

«እሺ፣ የረሒማን አንዷን ብቻ አስገቡልኝ። የእኔን ጣሉት፣ ግድ የለም።» ይህን ስትል ድምፁ የማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ልትል ምንም አልቀራት።

«ረቂቁ አልቆ ሄዷል እህቴ። መልእክት ልከንልዎት ነበር እኮ፤ አላዩትም?»

ስልኩን ዘጋች።

«ምን አለሽ?» አሉ እትዬ ረሒማ።

«አልገባም፣ እትዬ። ሁላችንንም እንደ አንድ ሰው ቆጠሩን።»

«እና እኔ ማን ሆኜ ተቆጠርኩ?»

«እኔን።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ እትዬ ረሒማ፣ ዘንቢላቸውን አንሥተው።

ሰርካለም ኢሜይሏን ከፈተች። ከተከፈተ ጀምሮ ስትልክበት እንጂ ስታይበት አታውቅም፤ በማመልከቻ ሙያ መልስ የሚባል ነገር ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ያልተነበበ አንድ መልእክት ተቀምጧል። የተላከው ገጹ በተዘጋ ማግስት ነው።

«በዚህ አድራሻ አርባ ስድስት አስተያየቶች ደርሰውናል። የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ በአምስት ቀን ውስጥ ‹አዎ› ብለው ይመልሱልን። ሌላ ምንም መጻፍ አያስፈልግም።»