መምህር ጀምበሩና የጅቡቲው ሙክት

መምህር ጀምበሩ ባሕር አይቶ አያውቅም። ተወልዶ ያደገው ጎጃም፣ የተመደበው አሰበ ተፈሪ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ባሕር ማለት ለእሱ የካርታው ሰማያዊ ቀለም ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ ጅቡቲ ወርዶ ባሕሩን አይቶ ሊመለስ ቆረጠ።

የይለፍ ወረቀት የሚጽፈው ሰው የጉዞውን ምክንያት ሲጠይቀው እውነቱን ነገረው። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየው። ውሃ ለማየት ብሎ ድንበር የሚሻገርን ሰው ሰላይ ነው እንደሚሉት አስረድቶ፣ በደግነት ሌላ ምክንያት ጻፈለት። ጀምበሩ ያየው ማኅተሙን ነው፤ ጽሑፉን ሳያነብ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የገለምሶዋ ጫት ነጋዴ ሞሚና በምትሄድበት የጭነት መኪና አብሯት ሚኤሶ ወረደና ማታ ባቡር ተሳፈሩ። ሞሚና በዚህ መንገድ ስትመላለስ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ጫቷን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ እግሯ ሥር አድርጋ ሦስተኛ ማዕረግ ላይ እንቅልፏን ለጠጠችው። ጀምበሩ ግን ባሕሩ እንዳያመልጠው መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ጨለማውን ሲያይ አደረ። በመሀል ነቅታ ገና ድሬዳዋ እንኳ እንዳልደረሱ ነገረችው፤ ቢሆንም ዓይኑን አልነቀለም።

ሲነጋጋ ድንበር ደረሱ። አስር አለቃ ሞገስ የሚባል ጠባቂ ወረቀቱን አነበበና ጎንበስ ብሎ ከመቀመጫው ሥር አየ። ከዚያ በጉ የት እንዳለ ጠየቀ። ጀምበሩ ምንም በግ እንደሌለው ተናገረ። ሞገስ ወረቀቱን አዙሮ አሳየው፤ መምህር ጀምበሩ አንድ ሙክት በግ ለመሸጥ ወደ ጅቡቲ እንደሚሄዱ ተጽፏል።

ጀምበሩ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ። ሞገስ ክፉ ሰው ስላልነበረ እስከ መጨረሻው ሰማው።

"መምህር፣ ማኅተሙ በግ አለ ይላል፤ እርስዎ ደግሞ የለም ይላሉ። እኔ ማንን ልመን?" አለው።

ጀምበሩ ዕድሜውን ሙሉ ማኅተም ተጠራጥሮ አያውቅም። ወይ በግ ያመጣል፣ ወይ ወረቀቱን ለማስተካከል አሰበ ተፈሪ ይመለሳል። ይሄን ጊዜ ሞሚና አንድ እስር ጫት ይዛ ወረደች። ከጣቢያው ጀርባ በጎች የምትጠብቅ ሴት ነበረች፤ ጫቱን መያዣ ሰጥታ፣ እስከ ማታ አንድ በግ ተውሳ እየጎተተች መጣች።

በጉ ጭንቅላቱ ጥቁር፣ ጎኑ የአጥንት መሰላል ነው። ሞገስ ዙሪያውን እየዞረ አየው። ሙክት ማለት የሰባ መሆኑን እሱም ያውቃል። ብዙ ካሰበ በኋላ በወረቀቱ ዳር "በመንገድ ከስቷል" ብሎ ጽፎ ፈረመና አሳለፋቸው።

ከድንበሩ ማዶ የፈረንሳዮቹ ሐኪም ተቀበላቸው። የበጉን ምላስና ዓይን አይቶ ጤነኛ ነው አለና ጀርባው ላይ ቀይ ቀለም አተመለት። ጀምበሩ ግን የፈንጣጣ ክትባት ወረቀት አልያዘም። አስተርጓሚው አብዱልቃዲር ፍርዱን አቀርቅሮ አሰማው፦ በጉ ይገባል፣ ሰውየው ይመለሳል። ሞሚና በጉ ያለ ባለቤቱ ማን ይሸጠዋል ብላ ጠየቀች። ይህም ለሐኪሙ ተተረጎመለት። እሱም አገጩን ሲያክ ቆየና ጀምበሩ የበጉ ተከታይ ሆኖ እስከ ማታው ባቡር እንዲገባ፣ ከበጉ ግን አንድ እርምጃ እንዳይለይ ፈቀደ። ጀምበሩ በሕይወቱ እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም፤ እንዲህም ደስ ብሎት አያውቅም።

ጅቡቲ ሲደርሱ ሞሚና ጣቢያው ገበያ ቀረች። እሱ ገመዱን ይዞ ከተማውን አቋረጠ። መንገደኛው ሁሉ በጉን ልግዛው ይለዋል። ከሸጠው በዚያ አገር የሚያቆየው ምክንያት ስለሌለ እምቢ እያለ አለፈ። ገዢዎቹ ግን የሚከራከር መስሏቸው ዋጋ እየጨመሩ እስከ ዳርቻው ሸኙት።

እዚያ ሲደርስ ባሕሩ የለም። እስከ አድማስ ጭቃ፣ ጭቃው ላይ ጎናቸውን ሰጥተው የተኙ ጀልባዎች። ጀምበሩ የተሳሳተ ከተማ የወረደ መስሎት ደነገጠ። መረብ የሚጠግን ሽማግሌ አጠገቡ ነበር። ሽማግሌው በእጁ ራቅ ያለውን አድማስ፣ ከዚያ ፀሐይዋን፣ ከዚያ የጀምበሩን ጫማ አመለከተ። ይመጣል ማለቱ ነው። ጀምበሩ ውሃ ሄዶ እንደሚመለስ መጽሐፍ ላይ አንብቦ ለተማሪዎቹ አስተምሮ ነበር፤ ግን አምኖት አያውቅም ኖሯል።

ከበጉ ጋር ተቀምጦ ጠበቀ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቀጭን ውሃ ጭቃውን እየላሰ መጣ፣ ጀልባዎቹን አንድ በአንድ አቃናቸው፣ ከዚያም ጫማው ውስጥ ገባ። ጀምበሩ አልተነሳም። በጉ አንዴ ቀምሶ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ግን እንባው መጣ፤ ለምን እንደሆነ ለራሱም አልገባውም።

ማታ ባቡሩ ላይ ሞሚና ባሕሩ እንዴት እንደነበር ጠየቀችው።

"አልነበረም፤ ኋላ መጣ፣ አዴ ሞሚና።"

ድንበሩ ላይ ባለበጓ ሴት ፋኖስ ይዛ ጠብቃ በጉን ተረከበቻቸው። ባቡሩ እንደገና ተንቀሳቀሰ። አሥራ ሁለት ዓመት ስትመላለስ ከጅቡቲ ጣቢያ ገበያ አልፋ እንደማታውቅ ሞሚና ያን ጊዜ ነገረችው።

"ወላሂ መምህር፣ ባሕሩ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው?" አለችው።