መርዶ እንደ እንግሊዞቹ

ባሌ ሙሀመድዘይን የእንግሊዝ የግድያ ድራማ ሱስ እንዳለብኝ ለሰው ሁሉ ያወራል። የሰው ሚስት የቱርክ ፊልም ታያለች፣ የእኔዋ ግን ሬሳ ካላየች እራት አይወርድላትም ይላል። ይበል። እሱ ኤርፖርት ሰው ሲያመላልስ ይውላል፣ እኔ ኮንየርስ ያለ መጋዘን ውስጥ ቆሜ ዕቃ ሳሽግ እውላለሁ። አትላንታ ዳር ስኮትዴል ያለው ቤቴ ስገባ ሻይ አፍልቼ፣ እግሬን ሰቅዬ፣ ዝናብ በማያባራበት መንደር ውስጥ ቄሱን ማን እንደገደለው ባጣራ ማንን ጎዳሁ?

ደግሞ ሬሳውን አይደለም የምወደው። የምወደው በሩ የሚንኳኳበትን ቦታ ነው። ይህ በየክፍሉ አለ። ኢንስፔክተሯ የዝናብ ካፖርቷን እንደለበሰች ትመጣለች፣ ታንኳኳለች፣ በሩን የከፈተችውን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየች «አዝናለሁ፣ ባለቤትዎ ሞተዋል» ትላታለች። አለቀ። ሴትየዋ ታለቅሳለች፣ ሻይ ይሰጧታል፣ ከዚያ እውነቱን ፍለጋ ይነሳሉ። መጨረሻ ላይ ኢንስፔክተሯ ሰዉን ሁሉ ሳሎን ሰብስባ ማን፣ እንዴት፣ ለምን የሚለውን ትዘረግፈዋለች። ተደብቆ የሚቀር ነገር የለም። ቲቪውን ስዘጋ ልቤ እርፍ ይላል።

ለእኔ እናቴ ስትሞት እንዲህ አልተነገረኝም። አትላንታ ከገባሁ ገና ነበርኩ፣ ልጄን ሩሚሳን አርግዤ ነበር። ሰው ሁሉ እርጉዝ ናት፣ ትደነግጣለች ብሎ ተማከረብኝ። ደሴ ስደውል አንድ ቀን «ተኝታለች»፣ ሌላ ቀን «ሐይቅ ከተማ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች» ይሉኛል። ለኢድ መስጊድ ስሄድ ሴቶቹ አጥብቀው ያቅፉኛል፤ እኔ ፍቅር መስሎኝ ደስ ይለኛል። ያረዱኝ ሩሚሳ ተወልዳ መቀመጥ ስትጀምር ነው። ያን ሁሉ ወር ለሞተች እናቴ ሰላምታ ስልክ ኖሬአለሁ። አስበውልኝ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ሱሱ ጣጣ የለውም አልልም። ሰው መመርመር ለምጃለሁ። ባለፈው ኢድ ሩሚሳ፣ አሁን እንግዲህ ጠበቃ ሆናለች፣ ይማም የሚባል ልጅ «ጓደኛዬ ነው» ብላ ለምሳ ይዛ መጣች። ጥያቄዬን አዘነብኩበት። የት ነው ያደግከው፣ የቀድሞ ሥራህን ለምን ለቀቅህ፣ ላብ የሚያልብህ ለምንድን ነው። ልጁ ሩዙን ሳይጨርስ ተነሣ። «ይሄ ልጅ የሚደብቀው ነገር አለ» ብዬ ፈረድኩ። ሩሚሳ ለሳምንት አኮረፈችኝ።

እንግዲህ በዚህ ጸደይ የሆነውን ላውራ። ኮምቦልቻ የሚኖር ጀዕፈር የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። ልቡን ያመዋል። ለምርመራ ከሚስቱ ጋር አዲስ አበባ እንደሚሄድ ነገረኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠፋ። የሚስቱም እንደዚያው። ሐሙስ ደወልኩ፣ ዓርብ ደወልኩ፣ ጥሪ አይቀበልም የምትለዋን ሴት ድምፅ ጠላሁት። ለሙሀመድዘይን ስነግረው «ኔትወርክ ነው» አለኝ። ዓይኔን ሳያይ ነው ያለው። ድራማው ውስጥ ዓይን ሳያይ የሚመልስ ሰው ንጹሕ ሆኖ አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሳሎን ስወጣ ባሌ ጢሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ተኩሶ ለብሶ ምንጣፉን ቫኪዩም ያደርጋል። ቅዳሜ ከሥራ ቀርቶ አያውቅም፣ ቅዳሜ ለኤርፖርት ሹፌር ገበያ ነው። ቫኪዩሙ የት እንደሚቀመጥ ማወቁ ራሱ ገረመኝ።

«ዛሬ አትሠራም እንዴ?» አልኩት።

«አፑን ኦፍ አደረግኩት። ደከመኝ።»

የደከመው ሰው ምንጣፍ አይጠርግም። ሶፋዬ ላይ ተቀመጥኩና የጀመርኩትን ክፍል ከፈትኩ። ኢንስፔክተሯ ሰዉን ሳሎን መሰብሰብ ስትጀምር ስልኬ ጮኸ። አስማ ናት፣ መጋዘን አብራኝ የምትሠራው ጓደኛዬ።

«ጀዋሂር፣ ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ።

«ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«እንዲሁ ነው። የሆነ ነገር ቅመሺ፣ እሺ? በቢጃማም አትቀመጪ። በኋላ እመጣለሁ።»

የእኛን ነገር የማያውቅ ሰው ይህን ቢሰማ ደግነት ይለዋል። መርዶ የሚናገር ሰው ግን አስቀድሞ የሚያጣራው ሐዘንተኛው እህል መቅመሱን ነው፣ ከሰማ በኋላ አይበላማ። እዚህ አገር ደግሞ መርዶ ቅዳሜ ይጠብቃል። አገር ቤት ሳይነጋ መጥተው ያንኳኳሉ፣ እዚህ ሰው ሁሉ ሥራ ስለሚገባ ቀኑ እስኪደርስ ሐዘኑን ፍሪጅ ውስጥ እንደ ሥጋ ያቆዩታል።

የአስማን ስልክ ስዘጋ ሌላ ተደወለ። ከኢትዮጵያ ነው፣ የማላውቀው ቁጥር። ጣቴ አረንጓዴው ላይ ደርሶ ቆመ። ፈራሁ። ካላነሳሁት ጀዕፈር በሕይወት አለ፤ ካነሳሁት ምን እንደምሰማ እንጃ። እስኪዘጋ ጠበቅሁና ስልኩን የሶፋው ትራስ ሥር ከተትኩት። የፈሩት ይደርሳል የሚለው ተረት በጆሮዬ ይጮህ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ሩሚሳ ገባች። ሚድታውን ነው የምትኖረው፣ ቅዳሜ ጠዋት ከአልጋዋ የምትነሳ ልጅ አይደለችም። ዓይኖቿ ቀልተዋል።

«አልቅሰሻል?» አልኳት።

«ኖ፣ እማ፣ አለርጂ ነው። የጥዱ ብናኝ፣ ዩ ኖው። መኪናዬ ራሱ ቢጫ ሆኗል።»

በሚያዝያ አትላንታ ውስጥ ማንም ያለቀሰ ሰው ይህን ማለት ይችላል። ከታች ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤታችን ጋሽ ፍስሐ ታጣፊ ወንበሮች ይዘው መጥተው አስቀመጡና፣ ሰላም ሳይሉኝ መሬት መሬት እያዩ ወረዱ። ሻይ ቤት ተቀምጦ ሲቀልድ የሚውል ሰው ናቸው እኮ። ከዚያ ሙሀመድዘይን መጣና ሪሞቱን ከእጄ ወሰደ፤ ኢንስፔክተሯ «ገዳዩ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው ያለው» እንዳለች ቲቪውን ድርግም አደረገው። የሐዘን ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ወደ መኝታ ቤት ገብቼ ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ። ስለብስ ጀዕፈርን ልጅ እያለ አዝዬ ምንጭ ድረስ የምወስደው ትዝ አለኝ።

በሩ ተንኳኳ። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ከፊት ፓይን ሌክ የሚኖሩት ሀጂ ሙሔ ናቸው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበዋል። ከኋላቸው ጋሽ ፍስሐ ሙሉ ልብስ ለብሰው ተመልሰዋል። ሦስተኛው የማላውቃቸው ሰውዬ ናቸው፣ ፊታቸው ጭፍግግ ያለ። እኚህ ከአገር ቤት የመጡ፣ ቀብሩ ላይ የነበሩ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

ገቡ፣ ግን አልተቀመጡም። ሀጂ ሙሔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ጀዋሂር፣ መጀመሪያ አላህ ይመስገን…»

«ይቅርታዎን ሀጂ፣ አላህን ሁሌም አመሰግናለሁ» አልኳቸው። «ዛሬ ግን ከሥሩ ልናገር እኔ።»

ሳሎኑ መሃል ቆምኩ። ሩሚሳ «እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለች፤ በእጄ ዝም አሰኘኋት። አንድ በአንድ ዘረዘርኩላቸው። ቅዳሜ የማይቀረው ባል ቀርቷል። አስማ በልተሻል ወይ ብላለች። የልጄ ዓይን ቀልቷል። ጋሽ ፍስሐ ወንበር አምጥተው ዓይኔን ማየት አቅቷቸዋል። ቲቪው ተዘግቷል። የወንድሜ ስልክ ጠፍቷል።

«ለእናቴ መርዶ ወራት አስጠብቃችሁኛል» አልኩ። «ለጀዕፈር አታስጠብቁኝ። ሞቷል በሉኝ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ።»

ሀጂ ሙሔ ባሌን አዩት፣ ባሌ ጋሽ ፍስሐን አየ። በመጨረሻ ያ የማላውቃቸው ሰውዬ ወደ ሀጂ ጆሮ ዘንበል ብለው፣ ሁላችንም በምንሰማው ድምፅ፣ «ጀዕፈር ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ቀብሩ ላይ የነበረ ሰው ሟቹን አለማወቁ ነው መጀመሪያ ያነቃኝ።

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሩሚሳ። «እማ፣ ማንም አልሞተም። ሽማግሌ ናቸው። ለእኔ ነው የመጡት። አባቢንም አስማንም እንዳይነግሩሽ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ኢንቬስቲጌት ታደርጊያለሽ።»

ወደ ባሌ ዞርኩ። «ወላሂ በል።»

«ወላሂ፣ ማንም አልሞተም» አለ ሙሀመድዘይን። «የጀዕፈርን ነገር ስትነግሪኝም ልቤ በዚህ ጉዳይ ስለነበር በደንብ አልሰማሁሽም።»

ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያ በተጠረገው ምንጣፍ ላይ፣ በጥቁር ቀሚሴ፣ በሽማግሌዎች ፊት ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ እንደገና ሳቅሁ። ደረቴ ላይ ተጭኖ የሰነበተው ድንጋይ ሲነሳ ተሰማኝ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ተንፍሼ የማውቅ አይመስለኝም። ሽማግሌ ሳይመልሱለት እንደማይቀመጥ እኮ ልጅ እንኳ ያውቃል። ፍርሃት ግን ያሳውራል።

ሀጂ ሙሔ ወግ አጥባቂ ናቸው፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አይተዉም። ጋቢያቸውን አስተካክለው «እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ፣ ልጃችሁን ለልጃችን…» ብለው ሲጀምሩ፣

«ሰጥቻለሁ፣ ውሰዷት» አልኩ ከምንጣፉ ላይ።

«እማ!» አለች ሩሚሳ።

ሙሀመድዘይን አፉን ከፈተ። ወጉ እኮ ተማክረን እንመልሳለን ማለት፣ አንዴ ሁለቴ ማመላለስ ነው፣ እሱም ይህንኑ ሲለማመድ ነው ያደረው። ሀጂ ሙሔ ባሌን ቢያዩት እሱም ራሱን ነቀነቀ፤ ምን ይበል። «ስንት ቤት ሄጃለሁ፣ ነገሬን ሳልጨርስ የተሰጠኝ ዛሬ ነው» ብለው ሀጂ ተቀመጡ። ጋሽ ፍስሐም ተቀመጡ፣ ክራቫታቸውን አላሉና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «እኔ እኮ ፊትሽን ያላየሁት ብታይኝ ታናዝዢኛለሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

ይህን ሲሉ ትራሱ ሥር ያለው ስልክ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያው ቁጥር ነው። እጄ አሁንም አልታዘዝ አለኝ፣ ሩሚሳ አነሳችውና ሰማች፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ለጠፈችልኝ።

«እትዬ፣ እስከ መቼ ነው የማታነሺው?» አለኝ ጀዕፈር።

ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። የሁለቱም ስልክ በሚስቱ ቦርሳ ውስጥ እንደነበር፣ ቦርሳውን ታክሲ ውስጥ እንደወሰዱባቸው፣ ቁጥሬን ከዘመድ እስኪያገኝ እንደቆየ፣ አሁን በሰው ስልክ እንደሚደውል ነገረኝ። ልቡንም ታይቷል፣ በመድኃኒት ይበቃዋል ብለውታል። አልሃምዱሊላህ እያልኩ ምንጣፉን በመዳፌ እደባብስ ነበር።

«ሩሚሳን ዛሬ ዳርኳት» አልኩት በመጨረሻ።

«ማሻአላህ። ልጁ ማነው?»

ቀና ብዬ ሳሎኑን አየሁ። «ልጁ ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

መጀመሪያ የሳቁት ያ የማላውቃቸው ሰውዬ ነበሩ። የልጁ አጎት ኖረዋል፣ ለዚሁ ጉዳይ ከዳላስ ነው የመጡት። «ይማም ነው» አሉ።

«ያ ሩዙን ሳይጨርስ የተነሣው? የሚደብቀው ነገር አለ ያልኩት?»

«ዌል፣ ነበረው» አለች ሩሚሳ፣ ከጎኔ ምንጣፉ ላይ እየተቀመጠች። «ይሄንን ነበር የሚደብቀው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ቢያንስ በዚያ አልተሳሳትኩም። ለጀዕፈር ይማም እንደሚባል፣ ጥፋተኛ ነው ብዬ ፈርጄበት እንደነበር፣ አሁን ግን ልጄን እንደሰጠሁት ነገርኩት። ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ፤ እኔ ደግሞ ሳሉን ስሰማ እንኳ ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ጀዕፈር፣ አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ምንም ቢመጣ፣ የቱንም ያህል ቢከፋ፣ እንዳትደብቁኝ። ቀጥ አድርጋችሁ ንገሩኝ።»

«እሺ እትዬ፣ ቃሌ ነው» አለኝ። «አንቺም ስልክሽን አንሺ።»