የመቃብር ግብር

ሙሀመድአወል ለሰው ስም ማውጣት ይችልበታል። ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ፣ ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ መሸጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከጨርቁ ይልቅ ገበያ ያገኘለት ያወጣው ስም ነው። ክራቫት አሥሮ የሚውለውን ግብር ሰብሳቢ «ሙሽራው» አለው፤ ሰውዬው ልጆቹን ሁሉ ድሮ እስኪጨርስ ሙሽራው እንደተባለ ቀረ። ጨርቅ ስትለካ ክንዷን አጠፍ የምታደርገውን ጎረቤቱን «አጭር ክንድ» አላት፤ ዛሬ የገዛ ልጆቿ ሱቋን ለሰው የሚጠቁሙት በዚሁ ስም ነው። ክፋት የለበትም። ምላሱን ይበላዋል፣ ይናገራል፣ ሰው ይሥቃል፣ በቃ። ስሙ ከአፉ ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን ተከትሎት አያውቅም።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ የእድራቸው ሰዎች ከከሰዓቱ የአስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ተሰብስበው ሳለ አምሐ የሚባል ወጣት ወረቀት ይዞ መጣ። ስለ ጤና መድን ሊያስረዳ ነበር። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ከዚያ ወዲያ ከቤቱ ማንም ቢታመም፣ ጤና ጣቢያም ይሁን ሆስፒታል፣ ሄዶ ይታከማል። ነገሩ ይኸው ነው። ልጁ ግን ያስተማሩትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ሲያነብ «ማኅበረሰብ አቀፍ»፣ «የአባላት ምጣኔ»፣ «ዘላቂነት» እያለ የሰውን ዓይን በእንቅልፍ ሞላው። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አውጥተው «ያልታመመ ሰው ያዋጣው ወዴት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ።

«ለታመመው ይሆናል አባባ። ልክ እንደ እድር ማለት ነው።»

ይኼን ጊዜ የሙሀመድአወል ምላስ በላችው። «ልጄ፣» አለ ድምፁን ዝግ አድርጎ፣ «እድርስ የሞተ ሰው ነው የሚቀብር። አንተ ቆመን እየሄድን ልታስከፍለን ነው። ይኼማ የመቃብር ግብር ነው።»

ግቢው በሣቅ ተናጋ። የእህቱ የመዲና ባል አብዱልከሪም በዚያን ቀን ቡና ይዞ ከዘጌ መጥቶ ነበር፤ ጭኑን እየመታ እንባው እስኪፈስ ሣቀ። በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ነገር ግን የእድሩ ስብሰባ ያለ ዱዓ አይበተንም፤ የተወሰነው ሁሉ በዱዓ ነው የሚታሰረው። ዱዓ የሚያደርጉት ሸህ በዚያ ሳምንት አልነበሩምና ሰዎቹ ወደ ሙሀመድአወል ዞረው «እስቲ አንተ አሳርግልን» አሉት። ሣቁ ገና ከፊቱ አልጠፋም። መዳፎቹን ዘረጋና «አላህ ከመቃብር ግብር ይጠብቀን» አለ።

መቶ ሰው በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ። አምሐ ወረቀቱን ሰብስቦ፣ አመስግኖ ሄደ።

ስሙን ሐይቁን ያሻገረው አብዱልከሪም ነው። ቡና ገዝቶ በጀልባ የሚያመላልስ ሰው ስለሆነ ተሳፋሪ አያጣም፤ ተሳፋሪ ካለ ደግሞ ወሬ አያጣም። ወር ሳይሞላ ዘጌ ላይ መዝጋቢ ሲመጣ ሰው «የመቃብር ግብር አንከፍልም» እያለ በሩን መዝጋት ጀመረ። ከዚያ ወረታ ገባ። አንድ ቀን አንድ የማክሰኝት ነጋዴ ሱቁ ቆሞ አቡጀዲ እያስቀደደ «እኛ አገር ምን እንደምንለው ታውቃለህ?» ብሎ ስሙን ለራሱ ለሙሀመድአወል እንደ አዲስ ነገር ነገረው። ሙሀመድአወል አላረመውም። ጨርቁን ቀዶ፣ አጥፎ ሰጠው። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ነበር። የማያውቀው ሰው፣ ከሐይቁ ማዶ፣ የሱን ቃል ይዞ ሲመጣ ልቡ እንደ ልጅ ፈነደቀች።

ስሙ ግን ባለበት አልቆመም፤ አደገ። አንዱ «ገንዘቡ ለጥይት መግዣ ነው» አለበት። ሌላው «ካርዱ የተገኘበት ሰው ወገኑን የለየ ነው» አለ። የአስከሬን ሳጥን ላይ የተለጠፈ የመድን ካርድ ሥዕል ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ጊዜው ሰው ጎረቤቱን የሚፈራበት ጊዜ ነው፤ ቆሞ «ኧረ ይኼ ሐሰት ነው» የሚል ከየት ይመጣል? ቀድሞ የተመዘገቡት እንኳ ካርዳቸውን ፍራሽ ሥር ደበቁ። ሲያማቸውም ፍራሹን አላነሡም።

ዘንድሮ በጥር መዲና ከዘጌ መጣች። ወንድሟ ዘንድ ሁለት ቀን ከቆየች በኋላ ነው አፍራ አፍራ፣ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ፣ ከአረፋ በፊት ጀምሮ እንዳለ የነገረችው። ሙሀመድአወል በማግሥቱ ሆስፒታል ወሰዳት። ምርመራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሐኪሙ እሷን ውጭ አስቀምጦ ለሱ ነገረው፤ መቆረጥ አለበት፣ ከተቆረጠ በኋላም መድኃኒቱ ረጅም ነው፣ አንድ ወር ተወስዶ አንድ ወር የሚዘለል አይደለም።

«መድን አላችሁ?» አለ ሐኪሙ።

«የለንም፣» አለ ሙሀመድአወል። መንገድ እየተዘጋ ሱቁ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ከመደርደሪያው ግማሹ ባዶ ነው። የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና እንደምንም ይችለው ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ሱቁን ከነበሩ ቢሸጠውም አይችለውም።

«ምዝገባው በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል፣» አለ ሐኪሙ፣ «ከተዘጋ እስከ ከርሞ የለም። እሷ ደግሞ ከርሞን የምትጠብቅ አይደለችም።»

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ መድኑ ጽሕፈት ቤት ሄደ። በር ላይ ያለው ዘበኛ ፈትሾት ሲያበቃ «ለመቃብር ግብሩ ነው አባባ? በሁለተኛው በር ይግቡ» አለው። ሙሀመድአወል የዘበኛውን ፊት አየ። ሰውዬው አልቀለደም። ሌላ ስም አያውቅለትም።

አምሐ ገና በሩን ሲያልፍ አወቀው። ተነሥቶ ወንበር ሳበለት። ቂም ቢያሳየው፣ ቢያመናጭቀው ለሙሀመድአወል ይቀለው ነበር፤ ልጁ ግን የዚህ ዓይነት ሰው አልነበረም። ነገሩን በእርጋታ ሰማና እንዲህ አለው፤

«እዚህ አይሆንም አባባ። የሚመዘገቡት በሚኖሩበት ነው። ባልና ሚስት መገኘት አለባቸው፤ የልጆቹም ስም አብሮ ይጻፋል፤ ካርዱ ለመላ ቤቱ አንድ ነው። ሐሙስ ዘጌ ቀበሌው አዳራሽ እቀመጣለሁ። የመጨረሻው ቀን ነው፤ ጀልባው በዘጠኝ ተኩል ስለሚመለስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይድረሱልኝ።»

«አስታውሰኸኛል አይደል?»

«እንዴት እረሳዎታለሁ።» አለና እስከ በሩ ሸኘው።

ረቡዕ ሙሀመድአወል እህቱን ይዞ ተሻገረ። በመንገድ ሙሉ የሚናገረውን ሲያሰላስል ነበር። ስሙን እኔ ነኝ ያወጣሁት፣ ዱዓውንም ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያሠርሁትን እኔው እፈታዋለሁ ብሎ አሰበ። ከዙህር ሶላት በኋላ ሰው ሳይበተን በዘጌው መስጊድ ደጅ ቆመ።

«ወንድሞቼ፣ የመቃብር ግብር የምትሉትን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ቀልድ ነበር። ያ ዱዓም ስሕተት ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። መድኑ ሰው ያድናል። ተመዝገቡ።»

ሰዎቹ ፈገግ ብለው ጠበቁ። ሙሀመድአወል ነውና ቀጥሎ የሚመጣ ነገር አለ። «የምሬን ነው፣» ሲል ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ያን ጊዜ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሣቀ፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለው። በየስብሰባው «ተመዝገቡ» እያሉ የሚለምኑትን ሹማምንት እያስመሰለ የሚቀልድ መስሏቸዋል። «እህቴ ታማብኛለች» አለ። ይኼንንም ሣቁበት። ሣቃቸውን ቀድመው ያቆሙት አንድ ሽበታም ሰው ነበሩ፤ ትኩር ብለው አዩትና «አንተንም ገዙህ እንዴ ሙሀመድአወል?» አሉት። ከዚያ በኋላ የሣቀ የለም። ሰው ጫማውን እያጠለቀ፣ ዓይኑን እየሰበረ፣ ተበተነ። ሙሀመድአወል በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አፍሮ አያውቅም።

አብዱልከሪም ከጥግ ቆሞ ሁሉንም አይቷል። በቡናው ሥር ባለው የእግር መንገድ አብረው ወደ ቤት ሲሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ አፉን ከፈተ።

«እኔ ይኼን ስም ያልተናገርሁበት ወደብ የለም፣» አለ። «ነገ ካርድ ይዤ ብታይ ሰው ምን ይለኛል?»

«ይሥቅብሃል።»

«ሣቁንስ ልቻለው። መንገድ ላይ አስቁሞ ኪሴን የሚፈትሸኝ ሰው ካርዱን ቢያገኘውስ?»

አብዱልከሪም ቆመ። የቡና ቅጠል ቆርጦ በጣቶቹ ፈረከሰው። «ስትሰግድ ግራ እጇን ማንሣት አቅቷታል፣» አለ። «ያላየሁ እየመሰላት ፊቷን ታዞራለች። እሄዳለሁ። ያገኘኝ ያግኘኝ።»

ሙሀመድአወል ይኼን ሰው በዚህ ያህል አልገመተውም ነበር። ከባዱን ተራራ አለፍሁት ብሎ አሰበ፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እህል ቀመሰ።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ሦስቱም አዳራሹ ደረሱ። አምሐ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ መዝገብ ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። ተመዝጋቢ የለም። ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ግን ስድስት ሰባት ሰው ወንበሩን ወደ አዳራሹ አዙሮ ያያል። አብዱልከሪም አያቸው፤ ጎርደድ ጎርደድ እያለ ገብቶ ስሙን አስጻፈና ፈረመ። ቀጥሎ የመዲና ስም ተጻፈ። እሷም ጣቷን ቀለም ነክታ አተመች።

«ልጆች?» አለ አምሐ።

«ሁለት ሴቶች፣» አለ አብዱልከሪም፣ «አሪፋና ሱምያ።»

አምሐ «አሪፋ» ብሎ ጻፈ። መዲና እስክርቢቶውን ከነእጁ ያዘችው።

«የማንን ስም ነው የምትጽፍ?»

«የልጆችሽን ነው እናቴ። ለመላ ቤቱ አንድ ካርድ ነው።»

«የኔን ጽፈሃል፣ ይበቃል። የነሱን አትጻፍ።»

«እንዲያ አይሆንም። ወይ ሁሉም ይጻፋል፣ ወይ ማንም አይጻፍም። እኔ አይደለሁም ያወጣሁት፤ ሕጉ ነው።»

መዲና እጁን ለቀቀችው፤ ከወንበሩም ተነሣች። ስትነሣ ጎኗን ይዛ ነበር። «እንግዲያው የኔም ይቅር። ልጆቼን በመቃብር መዝገብ ላይ አላስጽፍም።»

አብዱልከሪም ለመናት። በልጆቹ ስም ለመናት፣ ተቆጣት፣ መልሶ ለመናት። እሷ አልተቆጣችም። «አንተ ከፈለግህ አስጽፍ፣» አለችው፣ «ግን ከጻፋችኋቸው ያንን ካርድ ይዤ ሆስፒታል አልሄድም። የሆስፒታሉን በር አልረግጥም። እኔስ የመጣው ይምጣብኝ።»

ሙሀመድአወል ፊቷ ቆመ። «መዲና፣ ስሚኝ። ስሙ እኮ ከኔ አፍ ነው የወጣው። ምንም የለበትም፤ ባዶ ነው። አፌን በልቶኝ ያልሁት ነው።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እኮ! ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«አንተ ስትለው ባዶ ነበር። መቶ ሰው አሚን ብሎበታል፤ ከዚያም ወዲህ ስንት ሰው ብሎታል። አሁን ባዶ አይደለም።»

ያን ጊዜ ለሙሀመድአወል አንድ ነገር መጣለት፤ ለሠላሳ ዓመት ሲሠራው የኖረው ሥራ ነው፣ ለምን አይሆንም? «እሺ፣ ሌላ ስም ላውጣለት፣» አለ። «የታማሚ እድር እንበለው።» መዲና ታየዋለች። «የልጆች መከታ። እ? ወይም የቤት ጥላ። ጥላ ጥሩ ነው፤ ፀሐይ ሳይወጣ ነው የሚገዛ።» ላቡ ወርዷል። ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስም ደረደረ። አምሐ እስክርቢቶውን እንደያዘ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አብዱልከሪም ግድግዳውን ተደግፏል።

መዲና እስኪጨርስ ጠበቀችው። በልጅነታቸው ትከሻው ላይ አድርጎ ሐይቁ ዳር ያንሸራሽራት የነበረውን ወንድሟን በምታይበት ዓይን አየችው።

«ደግ ስም ነው፣» አለችው። «ግን አያሥቅም ጋሼ። ማን ይይዝልሃል?»

ከወደቡ የጀልባው ጥሩንባ ተሰማ። አምሐ ሰዓቱን አየ፤ ዘጠኝ አልፏል። ሌላ ጥቂት ጠበቃቸው። ከዚያ ከኪሱ ማስመሪያ አውጥቶ የአብዱልከሪምን ስም ሰረዘ፣ የመዲናን ሰረዘ። በመጨረሻ «አሪፋ» የሚለውን ሰረዘ።

መዲና ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብላ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር መድረሱን አረጋገጠች። ቀና ስትል ፊቷ በራ። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ እጇን በሚያማት ጎኗ ላይ አድርጋ።