የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ምስማር

አባቴ የሞተው ለአንድ የጉባኤ እንግዳ ሲል ነው። እንግዳው ግን ይህን አያውቅም፤ ዛሬም ድረስ የነገረው ያለ አይመስለኝም።

አሮጌው ማዕድን ማውጫ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። አዲሱ ከኮረብታው ማዶ ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ እኛ ቤት ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል። አሮጌውን ጠርገው፣ ደረጃውን በሲሚንቶ ጠግነው ለጎብኚ ከፈቱት። ከተማችን ትልቅ አዳራሽ ያለው ሆቴል ከተሠራላት ወዲህ ስብሰባ አይጠፋም። ተሰብሳቢዎቹ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ማዕድን ሲያወሩ ይሰነብቱና በአራተኛው ቀን ወሬውን በዓይናቸው ለማየት በአውቶቡስ ይመጣሉ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ ከዚያ አባቴ እየመራቸው ወደ ጉድጓዱ ይወርዳሉ።

እኔ የመብራት ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በመስኮቱ ሄልሜትና የራስ መብራት አቀብላለሁ። ከመስኮቱ አጠገብ ሰሌዳው አለ፤ አርባ ምስማር፣ በየምስማሩ ላይ ክብ የናስ ቁጥር። የሚወርድ ሰው አንድ ቁጥር አንስቶ ኪሱ ይከታል፤ ሲወጣ እዚያው ይመልሳል። ባዶ ምስማር ከታየ ታች ሰው አለ ማለት ነው። አባቴ ቁጥር አንድን ከሁሉ ቀድሞ ያነሳል፣ ከሁሉ በኋላ ይሰቅላል።

የአውቶቡሱ ሾፌር «አባ ቁጥር» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። አባ ቁጥር ሰማይ ቤት ሲደርሱ በረኛውን መጀመሪያ ቁጥርህን አሳየኝ ነው የሚሉት ይላል። አባቴም ይስቅና፣ አንተን እንደሆነ በቁጥርም አያስገቡህም ይለዋል።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሾፌሩ አያውቅም። ታላቅ ወንድሜ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ አባቴ የፈረቃው አለቃ ነበር። ወንድሜ ማርፈድ ይወዳል፤ ስም ሲጠራ ጓደኛው «አለ» ብሎ ይሸፍንለታል። ጣሪያው የተናደ ዕለት ሰው ሁሉ እየሮጠ ወጣ። አባቴ አቧራው ውስጥ ቆሞ ስም ጠራ። የወንድሜ ተራ ሲደርስ «አለ» የሚል ድምፅ ሰማ። ጓደኛው ቀድሞኝ ወጥቷል ብሎ አስቦ፣ እንደለመደው መለሰለት። አባቴም ደብተሩን ዘጋ። ሰሌዳው ላይ አንድ ምስማር ባዶ ነበር፤ ቀና ብሎ ያየው ግን አልነበረም። በማግስቱ ቆፍረው ሲደርሱበት ገላው ገና አልቀዘቀዘም ነበር።

አባቴ ያን ጓደኛውን አንድ ቀን ክፉ አልተናገረውም። ሰሌዳውን ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ያንንም ለእናቴ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው መቁጠር ትቶ ምስማር ይቆጥራል።

አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ የወረደ ዕለት እንግዶቹ ከአስተባባሪው ጋር ሠላሳ አንድ ነበሩ። አባቴ እንደ ልማዱ፣ ታች ስልክ ስለማይሠራ ከሚስቱ የተጣላ ካለ ቢወርድ ያርፋል ብሎ አሳቃቸው። ከሰዓት በኋላ ላባቸው እየተንጠፈጠፈ፣ እየተሳሳቁ ወጡ። ከፊሉ ቁጥሩን ራሱ ሰቀለ፣ ከፊሉ በመስኮቱ ለእኔ ወረወረልኝ። አባቴ ሰሌዳው ፊት ቆመ። የአሥራ ዘጠኝ ቁጥር ምስማር ባዶ ነው።

አስተባባሪው ስሙን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ለመዝጊያው ራት የቸኮለ ወጣት ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ መጣ። «አባባ፣ ሰዎቹ ሙሉ ናቸው። አንዱ ኪሱ ረስቶት ይሆናል፤ ሆቴል ስንደርስ ፈልጌ እልክልዎታለሁ» አለ። አባቴ እዚሁ ኪሳቸውን ይፈትሹ ብሎ ለመነው። እሱም አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ፣ ለይስሙላ ያህል፣ አንዴ ጠየቀ። ወሬያቸውን ይዘዋል፤ የመለሰለት የለም። አውቶቡሱ ሄደ።

አባቴ ተቀምጦ የጫማውን ክር ማጥበቅ ጀመረ። ሳንባው አቧራ የበላው ሰው ነው፤ ሐኪሙ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይወርድ ከልክሎታል። ደረጃው ሁለት መቶ ሰማንያ ነው። ሠላሳ አንድ ወርደው ሠላሳ አንድ ተሳፈሩ እኮ፣ ሞልተዋል አልኩት።

«ያን ቀንም ሞልተው ነበር» አለኝ።

መሳቢያዬ ውስጥ የቁጥሮቹ ትርፍ አለ። ከፈትኩት። ትርፏ አሥራ ዘጠኝ ከላይ ነበረች። አባዬ፣ ወለል ላይ ወድቆ አገኘሁት ብዬ ብሰቅላት አምኖኝ ወደ ቤት ይገባ ነበር። እጄ ውስጥ ይዣት ቆምኩ። ያ «አለ» ያለ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣብኝ። መልሼ አስቀመጥኳትና አብሬህ ልውረድ አልኩት።

«ሰሌዳውን ማን ይጠብቃል ልጄ?» አለና ገና ያልሰቀላትን ቁጥር አንድ ኪሱ ውስጥ ዳብሶ ወረደ።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ስልኩ ጮኸ። አስተባባሪው ነው፤ እየሳቀ ይቅርታ ጠየቀኝ። አሥራ ዘጠኝን የወሰደው እንግዳ ስጦታ መስሎት ለልጁ ሊወስደው ሻንጣው ውስጥ ከቶት ነበር።

ዘበኛውን ጠርቼ ወረድን። አባቴን መቶኛው ደረጃ አካባቢ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ አገኘነው። የራስ መብራቱ ጉልበቱ ላይ ይበራል። ትንፋሹ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ሲጥ ይላል። ሰውየው ወጥቷል አባዬ አልኩት።

«ማን አየው?»

«ቁጥሩ ተገኝቷል። አስተባባሪው በእጁ ይዞታል።»

«እሱ ከተያዘ ደህና» አለና ዓይኑን ጨፈነ። ተሸክመን አወጣነው።

ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኛ። ሾፌሩ ቁጥሩን አመጣ፤ ቀልድ አልመጣለትም፣ አልጋው ግርጌ ቆቡን ይዞ ቆመ። አባቴ ናሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰውና ለእኔ ሰጠኝ፤ ሄጄ እንድሰቅለው። ሰቅዬ ስመለስ ሰቀልሽው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፈ።

ልብሱን በላስቲክ አድርገው ሰጡን። ቁጥር አንድ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበረች።

ትርፏን አሥራ ዘጠኝ አሁንም መሳቢያውን በከፈትኩ ቁጥር አያታለሁ። ምነው በሰቀልኳት የምልበት ቀን ብዙ ነው። ግን ታች የቀረ ሰው ኖሮ ቢሆንስ? አባቴ ይህን ጥያቄ ይዞ ነው የወረደው።

ባለፈው ሳምንት አዲስ አስጎብኚ ቀጠሩ። ትሑት ልጅ ነው። እንግዶቹን ይዞ መጣና ሰሌዳውን አየት አድርጎ ቁጥር አንድ የታለች አለኝ። ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበረች።

«የአባቴ ናት» አልኩት።

ሁለትን አንስቶ ወረደ። እስኪወጡ ድረስ ከመስኮቱ አልተነሳሁም።