ጀርም የሌለበት ቁስል

የልብስ ሰፊው የገሜዳ ቁስል ሽታ ከኮልፌ ተነሥቶ አስኮ ያለ ውሻ ያስነጥሳል። አጋነንክ የሚለኝ ካለ ሄዶ የአስኮን ውሾች ይጠይቅ። እንዲህ ያለውን ቁስል ይዘን ሆስፒታል ብንሄድ «ጀርም አልተገኘበትም» ተባልን።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ወደ ማብቂያው ግድም። ገሜዳ የግድግዳ ጎረቤቴ ነው። ቀኝ እግሩን ሚስማር ወጋውና ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ መርፌ ወጊ ፔኒሲሊን ጀመረለት። ሻል ሲለው ተወው። ሲያመረቅዝ ደግሞ ተወጋ፤ ሻል ሲለው ደግሞ ተወው። እንዲህ እንዲህ እያለ መርፌው ውኃ ሆነ፣ እግሩም ጠቆረ።

ሐኪሙ የላቦራቶሪውን ውጤት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጀርም ቢገኝ ኖሮ የሚገድለውን መድኃኒት እንፈልግለት ነበር። የለም ከተባለ ግን ሥጋው በራሱ እየሞተ ነው። ሰኞ ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል።»

ገሜዳ እግሩን በጋቢው ሸፈነ። ሚስቱ ተሻለች የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። ገሜዳ በእግሩ የስፌት መኪናውን እየረገጠ ነው ቤተሰቡን እንጀራ የሚያበላው።

እኔ ደግሞ ነገሩ ከነከነኝ። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ብተወውም አፍንጫዬን አልተውኩም። ሄጄ የላቦራቶሪውን በር አንኳኳሁ። ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ከፈተችልኝ፤ ብርቅዬ ትባላለች።

«ሲስተር፣ ጀርሞቹ የት ሄዱ?»

«የምን ጀርሞች?»

«የገሜዳ ናቸዋ! ሰፈር ሳሉ እኔ ስጠራቸው አቤት ይሉኛል። እዚህ ሲደርሱ ምን ዘጋቸው?»

ሳቋ አመለጣትና አስገባችኝ። ቀይ ነገር የረጋበት የብርጭቆ ሳህን አሳየችኝ።

«የበግ ደም አለበት፤ ጀርም ይወደዋል። ከቁስሉ በጥጥ ጠርገን እዚህ ላይ እንዘራና ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ እናሳድረዋለን። ጠዋት በቅሎ ይገኛል።»

«ኮልፌ ሰው ለፋሲካ በግ አጥቶ፣ እናንተ ለጀርም ታርዳላችሁ?»

«ኧረ አይታረድም! በመርፌ ትንሽ ቀድተን ወደ ሣሩ እንሰደዋለን።»

የገሜዳ ሳህን ግን እንደ ተላጨ ራስ ልሙጥ ነው። እሷንም ገረማት። ጥጡ የመጣበትን ቱቦ ከፈት አድርጋ አሸተተች። ደገመች። ከዚያ ወደ እኔ አስጠጋችው። ይኼን ሽታስ ተኝቼም ቢሆን አልስተውም።

«ካቲካላ!» አልኩ።

ተያይዘን ወደ ተሻለች ወጣን።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች ቆጣ ብላ። «ሐኪም ፊት መግሉን እያዝረበረበ ይቅረብልኝ? ማለዳ በሙቅ ውኃ አጥቤ፣ በካቲካላ አሽቼ፣ ንጹሕ ሻሽ አሰርኩለት። ሚስቱ ዝርክርክ ናት ልባል?»

«እህቴ፣ ላይ ላዩን ገድለሽ ነው ያመጣሽው፤ ከሥር ያሉት አልተነኩም» አለቻት ብርቅዬ። «ነገ ሳይታጠብ ይምጣ።»

«ሳይታጠብ? በአውቶቡስ?»

በማግስቱ ተሻለች «እስቲ ዙሪያውን ብቻ» እያለች ማሰሮ ይዛ ብትመጣ ውኃውን ደጅ ደፋሁባት። አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ፤ እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«ይቅርታ አድርጉልን» አልኩ ጮክ ብዬ። «ያልለፋ የጅብ ቆዳ ይዘን ነው። ጫማ ሲሆን ዳገት አያደክምም፤ ውሻም ከሩቅ ይሸሸዋል።»

አንድ ሽማግሌ መሀረባቸውን ከአፍንጫቸው ሳያነሡ «ልጄ፣ አርባ ሦስት ቁጥር ይኖራችኋል?» አሉኝ።

ያልታጠበው ቁስል የተዘራበት ሳህን አድሮ ሲታይ በቀለ አልልም፤ ጫካ ሆነ! ብርቅዬ ከዚያ ላይ ቆንጥራ ሌላ ሳህን ላይ ዘራችና የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ፣ መድኃኒት የተነከሩ ወረቀቶች ደረደረችበት። ይኼም አድሮ፣ እሷ፣ ገሜዳና እኔ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን አየን።

«ጀርሙ መድኃኒቱን ካልቻለው በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይቀራል» አለች። «ከቻለው እስከ ጫፉ ድረስ ይበቅላል።»

ጀርሙ ፔኒሲሊን ያለበት ወረቀት ደረት ላይ ወጥቶ ተቀምጧል።

«በምን ለመደው?» አልኳት። «ወጥመድ ያመለጠች አይጥ ልጆቿን እንደምትመክረው?»

«አይመካከሩም። ግማሽ ግማሽ ሲወጋ ደካማው ሞተ፣ የማይበገረው ተረፈ። አሁን የምታየው ሁሉ የዚያ የተረፈው ዘር ነው።»

የሚቀጥለውም ወረቀት እንደዚያው። የሚቀጥለውም። ገሜዳ በየወረቀቱ እግሩን ወደ ኋላ ይሰበስባል። ዳር ላይ ያለችው አንዲት ወረቀት ግን ዙሪያዋን አስጠርጋ ብቻዋን ተቀምጣለች። ብርቅዬ ማስመሪያ አውጥታ ባዶውን ለካች፤ ደግማ ለካች።

«ይበቃል፤ ይቺኛዋ ትገድለዋለች» አለች።

ሐኪሙ ሳህኑን ብርሃን ላይ አንሥተው አዩትና ለሰኞ የተያዘውን ቆረጣ ሰርዘው የዚያችን ወረቀት መድኃኒት አዘዙለት። ገሜዳን ግን አስጠነቀቁት፤ «ቁስሉ ቢደርቅም መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ። ካቋረጥክ ይቺም አትሠራልህም።»

እግሩ ጥቁረቱን እየለቀቀ መጣ፣ ሽታው ጠፋ። ይኼኔ ገሜዳዬ አመሉ ተነሣበት።

«ድኛለሁ እኮ። ክኒኑ ሆዴን አገላበጠው፤ የተረፈው ለሌላ ጊዜ ይቀመጥ።»

«ደግ ነው» አልኩት። «ብቻ ብርቅዬ ያንን ሳህን አልደፋችውም። እዚያ ያሉት ጀርሞች እግርህ ውስጥ ለቀሩት ዘመዶቻቸው መልእክት ይልካሉ፤ ሰው ጭር ሲል ጆሮህን ጉልበትህ ላይ ብትለጥፍ ትሰማቸዋለህ።»

«ሂድ አንተ ቀጣፊ!»

ወጣሁ። በበሩ ስንጥቅ ዞር ብዬ ባይ፣ ገሜዳ ወገቡን አጥፎ ጆሮውን ጉልበቱ ላይ ለጥፏል። ቆየ፣ ቆየና ቀና አለ።

«ተሻለች» አለ፣ «እስቲ ውኃ አቀብዪኝ።»

ክኒኑን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ዋጣት። ትንሿ የእግር ጣቱ ተቆርጣ ቀረች፤ እግሩ ግን ለባለቤቱ ተረፈ።