እጀ ላባ

የከተማው ፖሊስ መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ምድር ቤት ታጉሮ የኖረው የድሮ መዝገብ ሁሉ ፀሐይ ይሙቅ ተባለ። የጣት አሻራ ካርዱ፣ በክር የተሰፋው የክስ ፋይል፣ የእስረኛው ፎቶግራፍ፣ ሁሉም አቧራው እየተራገፈ ወደ አዳራሹ ወጣ። የተመረጡት ፎቶዎች በሰው ቁመት ልክ ታትመው፣ መስታወት ለብሰው በግድግዳው ዙሪያ ተሰቀሉ። መስታወቱን መወልወል የጽዳት ሠራተኛዋ ፈንታ ነበር።

ሴትየዋ በዚያ ሕንፃ አሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት ሠርታለች። ኮንትራቱ በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ በየስድስት ወሩም እንቅልፍ ያሳጣታል። ያን ቀን ሦስቱን ፎቶ ወልውላ አራተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቀጥ አለ። አንዲት ወጣት ሴት ናት። ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ደረቷ ላይ ይዛለች። ግራ ቅንድቧን ጠባሳ ለሁለት ከፍሎታል። ከንፈሯን ወደ ውስጥ ነክሳለች። ሴትየዋ ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ "ደህና ዋይ እማዬ" ብላ የሳመችው ይህንኑ ቅንድብ ነው። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል "እጀ ላባ፣ የወርቅ ሌባ" ይላል።

ባልዲውን ደፍታ ተቀመጠችበት።

ሰሌዳው ላይ ያለውን ዓመት አሰላችው፤ ያኔ እሷ ራሷ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። "እማዬ ሳንባዋን ታማ ሩቅ ሆስፒታል ተኝታለች" ተብላ አክስቷ ቤት የተጣለችበት ዘመን ነው። አክስት ተብዬዋ፣ ትንሿ ልጅ አልጋ ባረጠበች ቁጥር በቀበቶ ትገርፋት፣ ከልጆቿ የተረፈውን ታበላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እናቷ ሳንባ ተንበርክካ ስትጸልይ ኖራለች። ለካ ሳንባው ደህና ነበር!

ስታስበው መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ቆሽቷ አረረ። ያም ሆኖ ወደ መዝገብ ቤቱ ኃላፊ ሄደች። ሰውየውን ሠራተኛው "ቃለ ጉባኤ" ይለዋል፤ አንዴ የሰማውን ነገር ስለማይረሳ።

"ጌታዬ፣ አራተኛዋን ሴትዮ ከግድግዳው ቢያወርዱልኝ" አለችው።

"ምን አደረገችሽ?"

"እናቴ ናት።"

ያዝንልኛል ብላ ስትጠብቅ እሱ ከወንበሩ ብድግ አለ። "በሕይወት አለች እንዴ?"

"አለች።"

"እጇስ? እጇ ይሠራል?"

"ልብስ ትሰፋበታለች።"

"አየሽ" አለ ቃለ ጉባኤ እጁን እያፋተገ፣ "እንግዳው ፎቶ ብቻ አይቶ ቢሄድ ምን ይጠቅመዋል? ኮት እንሰቅላለን፤ ኮቱ ላይ ትንንሽ ቃጭል እንሰፋለን። እሷ ሳታንቃጭል የኪስ ቦርሳውን ታወጣለች። አዛዡ በሳቅ ይሞታል!"

"እሷ አትመጣም።"

"አንቺ ታመጫታለሽ። የቋሚነትሽ ጉዳይ እኮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።"

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ኋላ "ተገድጄ ነው" ብላ ለራሷ ነግራለች፤ ግን እጇን የጠመዘዘ አልነበረም። ቋሚነቱ አጓጉቷታል፤ ከሱ ይበልጥ የገፋፋት ግን የአክስቷ ቀበቶ ነበር። "እሷም ትቅመሳት" አለች በሆዷ።

ቤት ገብታ፣ "እማዬ፣ መሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ ወላጆችን ሊያመሰግን ነው፤ ተጠርተሻል" አለቻት።

እናት ዕድሜዋን በልብስ ሰፊነት የጨረሰች ሴት ናት። "እኔን? ፖሊስ?" አለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ቀጥላም፣ "ከሆነማ ምን አደርጋለሁ፣ ላንቺ ስል እመጣለሁ" አለች። ሰማያዊ ቀሚሷን አወጣች፤ የተፈታውን ጠርዝ መልሳ ሰፋችው። ከጎረቤት ጫማ ተዋሰች። ጫማው ጠበባት፤ ቢሆንም "ላንድ ቀን ነው" ብላ ቻለችው።

በበዓሉ ቀን የልጇን ክንድ ይዛ ገባች። በር ላይ ያሉትን ጠባቂዎች ሁሉ "እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ፣ የልጄ ጓደኞች" እያለች ሰላም አለች። አዳራሹ ባለ ማዕረግና ጋዜጠኛ ሞልቶታል። ቃለ ጉባኤ ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ፣ "ክቡራን እንግዶች፣ እነሆ እጀ ላባ በአካል!" ሲል ጭብጨባው ቀለጠ። አሮጊቷ የተጨበጨበለትን ሰው ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ስትዞር ከራሷ ፎቶ ጋር ተፋጠጠች።

ብዙ አላየችውም። ዓይኗን ወዲያው ነቅላ ልጇን ፈለገች።

"አንቺ ነሽ?" አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ምን በድዬሽ ነው?"

ልጅ ወለል ወለሉን እያየች፣ "የሚሉሽን አድርጊ፤ ቶሎ ያልቃል" አለች።

እናት ወደ ድምፅ ማጉያው ጠጋ ብላ፣ "እኔ የማንንም አልወሰድኩም" አለች።

"እማማ፣ እስር ቤት ሁሌም በንጹሕ ሰው እንደተሞላ ነው!" አለ አዛዡ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ቃለ ጉባኤ አንጓዋን ይዞ እጇን ኮቱ ኪስ ውስጥ አስገባው። ቃጭሉ ሁሉ ባንዴ ጮኸ፤ ቦርሳው መሬት ወደቀ። "ይቺንማ እኔም እይዛታለሁ!" አለ አዛዡ። ፎቶ አንሺው አልያዝኩትም ስላለ ደገሙት። ፊቷ ጥላ ውስጥ ነበር ተብሎ ሠለሱት። በሦስተኛው ቦርሳውን ከወለሉ አንስታ እናቷ መዳፍ ላይ ያስቀመጠችላት ልጇ ናት። ያ ፎቶ ነው በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ የወጣው።

አሮጊቷ ቤት እንደደረሱ የተዋሰችውን ጫማ ለጎረቤት መለሰች። ጋዜጣው በወጣ ቀን ልጇ ከሥራ ስትመለስ የእናቷ አልጋ ተነጥፎ፣ የልብስ ስፌት መኪናው ተሸፍኖ አገኘች። ጎረቤት ስትጠይቅ፣ ጓዟን በአንሶላ ቋጥራ ከተማው ዳር ወዳለው ታናሽ ወንድሟ ቤት እንደሄደች ነገሯት።

በዓሉ አልፎ ፋይሎቹን ወደ ምድር ቤት የመመለስ ሥራ መጣ። ሴትየዋ የእናቷን ፋይል እጇ ላይ ስታገኘው ከደረጃው ሥር ተቀምጣ ከፈተችው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ቅጽል ስም፦ እጀ ላባ" ይላል። ቀጥሎ ያለው እናቷ ትሠራበት የነበረው የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ቃል ነው፦ "መርፌ ስትይዝ ጨርቁ እንኳ አይሰማውም፤ የቁልፍ ቀዳዳ አሠፋፏን አይተን እጀ ላባ አልናት።" ሐብሌ ጠፋ ያለችው ከሳሽ ቀሚስ የምታሰፋ ደንበኛ ነበረች። መጨረሻ ላይ የዚያችው ሴት ደብዳቤ ተያይዟል። ቀኑ ፍርዱ በተሰጠ በሦስተኛው ሳምንት ነው። "ሐብሌን ከራሴ መሳቢያ አግኝቼዋለሁ። ልጅቱ ምንም ጥፋት የለባትምና ትፈታልኝ።" ከላዩ ማኅተም አርፎበታል፤ "ከፋይሉ ጋር ይያያዝ" የሚል ብቻ። ከጎኑ ደግሞ በእርሳስ፣ አዲስ የ"ታይቷል" ምልክት አለ።

ደብዳቤውን ከፋይሉ ገንጥላ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። "ይህን አንብበውት ነበር?" አለችው ቃለ ጉባኤን፣ ደብዳቤውን ፊቱ ላይ ዘርግታ።

"አንብቤዋለሁ" አለ ሳይደነግጥ።

"ታዲያ ሌባ ብለው ሰቀሏት?"

"ምንም ያልሰረቀች ሴት ፎቶ ማን ሊያይ ይመጣል?" ደብዳቤውን በቀስታ ከእጇ ወስዶ መሳቢያው ውስጥ ከተተውና ቆለፈበት። "ከፋይል ወረቀት ገንጥሎ ማውጣት የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ደግሞ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ቋሚነትሽ ትናንት ተፈርሟል።"

ሴትየዋ ደብዳቤውን ይመልሱልኝ ለማለት አፏን ከፈተች። ግን የቋሚነት ወረቀቷን ተቀብላ ወጣች።

እሑድ ዕለት አጎቷ ቤት ሄደች። በሩን የከፈተችላት እናቷ ነበረች። እጥፍ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል አሮጊቷ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለችባት።

"ይግቡ" አለቻት። "ይቀመጡ፤ ወንበር አለ።"

ልጅ የተሳሳተ ነገር የሰማች መሰላት። "እማዬ፣ እኔ ነኝ እኮ።"

"አወቅሁዎት። ይቀመጡ።"

ተቀመጠች። እንባዋ እየቀደማት ስለ ደብዳቤው ነገረቻት። እናት ጨርቅ ላይ ቁልፍ እየተከለች፣ ቀና ሳትል አዳመጠቻት።

"አውቀዋለሁ" አለች። "ያኔ አንዷ ጠባቂ ነግራኛለች። 'ወረቀትሽ ደርሷል፣ ግን ፈራሚው ፈቃድ ላይ ነው' አለችኝ። ጉድ እኮ ነው፤ ሰውየው ሁለት ዓመት ፈቃድ ላይ ከረመ።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ለምን ታምሜ ነበር አልሽኝ?"

"እናቷ ታስራለች ከምትባል ልጅ፣ እናቷ ታማለች የምትባል ልጅ ሰው ያዝንላታል ብዬ ነበር። የእህቴን አመል አላወቅሁም።" ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። "ኋላማ ለማስረዳት ጊዜው አለፈ። ደግሞ ቢነግሩት ማን ያምናል? እርስዎም አላመኑኝም።"

"እማዬ በፈጠረሽ፣ አንቺ በይኝ።"

አሮጊቷ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ለማያውቁት እንግዳ የሚያሳዩት ዓይነት ትሕትና ብቻ ነበረበት።

"ይነሡ" አለች፣ "አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎት።"